ስድስተኛው ካሴት

ሐረር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአሚን፣ ጅቡቲ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ በተለይ ያቺ ጠያቂዋ ሪሃና እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል። ታቦቱን እስከ ደጁ ሸኝቼ እግሬ አብጦ ሁለት ቀን ተኛሁ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ደብዳቤህ በሾፌሩ በሀሚድ እጅ የደረሰኝ ከገና በፊት ነው። ይሄን ሁሉ ቀን ሳልመልስልህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰበብ ልደረድርልህ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ያቺ ልጅህ የጠየቀችው ጥያቄ አስደንግጦኝ ነው።

ለመሆኑ አምስቱንም ፊልም ከየት አገኘቻቸው? በእኛ ጊዜ አንዷ ካሴት በልብስ ተጠቅልላ ከዚያው ከናንተ ከጅቡቲ እስክትመጣ ወር እንጠብቅ ነበር። እሷ አልጋ ላይ ተጋድማ በአንድ ቀን አምስቱንም ጨረሰቻቸው? ጉድ ነው! «ባለቀይ ሻርፑ» ወንድም አለው ወይስ የለውም ብላ መጠየቋ ደግ ነው፤ ልጅ ይጠይቃል። መልሱን ግን በወረቀት አልጽፈውም። ስትመጣ በአካል እነግርሃለሁ።

ስትመጣ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። የለማ ልጅ ናትናኤል፣ ያ የቪዲዮ ቤቱ ጌታ የለማ የመጨረሻ ልጅ፣ አሁን አስተማሪ ሆኗል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ባለቀይ ሻርፑን በትልቅ አዳራሽ ሊያሳይ ተነስቷል፤ እንደ ድሮው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ በአማርኛ እንደምተረጉመው። የእናንተም ጾም የእኛም ጾም ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፈረስ መጋላ ላይ ከአሁኑ ሌላ ወሬ የለም። ባለታክሲው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሆዱ የወጣው ሁሉ የዚያን ሰውዬ ሞተር ድምፅ በአፉ እያሰማ ያልፋል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል እኮ! ስንት ፊልም መጥቶ ሄደ፣ ስሙን የሚያስታውሰው የለም። ያንን ሞተር ግን ማንም አልረሳውም።

እና እኔ ብቻዬን አልችለውም። ጉሮሮዬን ትንሽ አሞኛል፤ ስልክህን የማላነሳው ለዚሁ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። አንተ አምስቱንም ካሴት በቃልህ ታውቃቸዋለህ። የታናሽየውን ንግግር ካንተ አሳምሮ የሚለው ሰው የለም። የታላቅየውን የሚለው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ስሙን አልጠራም፣ ወረቀቱን ቀደህ እንዳትጥልብኝ። ጊደር መጋላ፣ ቅመም ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ደህና ነው።

አስብበት። ቶሎ አስብበት አቦ፣ እኔ እንደሆንኩ መጠበቅ አልችልበትም።

ኒቆዲሞስ

—

ጅቡቲ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ኒቆዲሞስ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔም ቤተሰቤም አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ጉሮሮዎን አላህ አፊያ ያድርግልዎ።

ጋሽ ኒቆ፣ እኔ የጠየቅኩዎት አንድ ነገር ነው። እርስዎ የመለሱልኝ ስለ ባለታክሲና ስለ ልብስ ሰፊ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅ ሆኜ እርስዎን መቆጣት አይገባኝም፤ ግን ተቆጥቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ጁምዓ ከሰዓት ነው። ከሶላት ስመለስ ሪሃና ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዛ ባለቀይ ሻርፑን በፈረንሳይኛ ታያለች። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይሄኛው ታላቁ ነው፣ ያ ደግሞ ታናሹ» እያልኩ ላስረዳት ጀመርኩ። ልጅቷ አየችኝና «አባ፣ ሰውዬው አንድ ነው እኮ፤ ወንድም የለውም» አለችኝ። ተከራከርኳት። አሳቅኳት። በመጨረሻ ጮህኩባት። ከዚያ አምስቱንም በተርታ አስከፈትኳት። ወላሂ ውሃ እንኳን አልቀመስኩም። ሰውዬው አንድ ነው ጋሽ ኒቆ። ሻርፕ ሲያደርግም እሱ ነው፣ ሲያወልቅም እሱ ነው።

የሚገርመው ያንን እያወቅኩ መነሳት አልቻልኩም። ሞተሩን አስነስቶ ወደኋላ ዞር ብሎ ሲያይ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ወደቡ ላይ ኮንቴይነር የሚያወርዱ ስልሳ ሰዎች አዛለሁ። እና እንደ ልጅ እግሬ ወለል ይረግጣል!

እርስዎ ይሄ ቀልድ መስሎዎት እንደሆነ አላውቅም። ታላቅየው ለታናሹ የላከውን ቃል ያስታውሱታል? «አንተ ካለህበት አትነቃነቅ፤ ታላቅህ እኔ ነኝ፤ እኔ እመጣለሁ።» እኔ በዚያ ቃል ነው የኖርኩት። እናቴ፣ አላህ ይርሀማት፣ ስትሞት ታላቄ አብዱልፈታ አንድ ቀን ሳይጠብቀኝ ቀበራት። ሸሪዓውን አውቃለሁ፤ ጀናዛ አይቆይም። ጭንቅላቴ ያውቃል፣ ልቤ ግን እምቢ አለኝ። በማግስቱ ደርሼ ለቀስተኛ ሁሉ እየሰማ «ለምን አልጠበቅከኝም?» አልኩት። እሱ የመለሰልኝን እርስዎም እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል። «አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃህ ነበር» አለኝ። ይሄው ነው። ተነስቼ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን እንደምል ያውቃሉ? ታላቅ እሱ ነው፣ እሱ ይመጣል እላለሁ። በፊልሙ ታላቁ አይደለም እንዴ በረሃ ያቋረጠው? እላለሁ። አሁን ልጄ እንዲህ ያለ ሰው የለም ትለኛለች።

አለ ወይስ የለም? ታክሲውን ይተዉትና ይሄን ይንገሩኝ።

አሚን

—

ሐረር፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሚን ልጄ፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ አትቀየመኝ። ከጀመርኩት እዚያው ሰላምታው ውስጥ ተደብቄ እቀራለሁ።

የለም። ባለቀይ ሻርፑ ወንድም የለውም። ይኸው ጻፍኩት። ሠላሳ ዓመት በሆዴ ይዤው ስዞር ነበር።

እኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት እንደነበርኩ ታውቃለህ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲሰጡኝ ፊደሉን እያየሁ እተይባለሁ፣ አንድ ስህተት አይገኝብኝም። ትርጉሙን ግን ቅንጣት አላውቀውም። ለማ አንድ ቀን በመስኮት አየኝና፣ ይሄማ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው ብሎ ለቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ አደረገኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ! ከረባት አስሮ እንግሊዝኛ የሚተይብ ሰው አላውቅም ይላል እንዴ?

የመጀመሪያዋን ካሴት እንደምንም ተወጣኋት። ሰውዬው ሞተር ይነዳል፣ ካርታ ይፈልጋል፣ ይደበድባል፣ ይደበደባል። ለዚህ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል? ጉዱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ካሴቶቹ ድንበር የሚያልፉት ሽፋናቸው ተጥሎ፣ ጽሑፋቸው ተልጦ ነበር። የትኛው ሁለተኛ፣ የትኛው ሦስተኛ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለማ እጁ የገባለትን አንስቶ ዴኩ ውስጥ ከተተው። ሦስተኛው ኖሯል! መጨረሻው ላይ ሰውዬው ከነሞተሩ ገደል ገባ፤ ሻርፑ ብቻ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እናታችሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰኞ ጠዋት ጊደር መጋላ መሐል አስቁማ «ልጆቼን ምን አሳየሃቸው? እህል አልቀምስም አሉኝ እኮ!» ብላ ልክ ልኬን ነገረችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለማ የቀረውን ካሴት ከተተ። ሰውዬው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይበላል! ገደል የገባው ሰውዬ! ሻርፕ የለውም፤ ሞቻለሁ፣ ድኛለሁ የሚል ነገር የለም። ሰው ግልብጥ ብሎ ተነሳ። «ሞቷል እኮ!» ይላል አንዱ። «ለማ አጭበርባሪ!» ይላል ሌላው። አግዳሚው ተገለበጠ። ለማ በዓይኑ ይለምነኛል። እኔ ምስሉን የማሳይበትን ዱላዬን ይዤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደርቄያለሁ። ፊት ለፊቴ አንተና አብዱልፈታ ተቀምጣችኋል። አንተ ከባለፈው ሳምንት የቀረህን ለቅሶ ትቀጥላለህ። እሱ እየተሳደበ በመዳፉ ዓይንህን ይጠርግልሃል። እናንተን ሳይ ከአፌ ወጣ። «ወንድሙ ነው! ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ሊፈልገው የመጣ!» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንተ ለቅሶህን አቆምክ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ?

ሻርፕ ካደረገ ታናሹ፣ ካላደረገ ታላቁ ነው አልኩ። አንድም ሰው አልጠረጠረኝም። እናንተ ልጆቹ ብቻ «ለምን ሁለቱ አንድ ላይ አይታዩም?» እያላችሁ ታስጨንቁኝ ነበር። «በስድስተኛው ካሴት ይገናኛሉ» አልኳችሁ። ስድስተኛ ካሴት የሚባል የለም። አምስት ብቻ ነው የተሠራው።

አሁን ስለዚያች ቃል። ሰውዬው በአገሩ ቋንቋ ምን ብሎ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ፤ ምናልባት ውሃ አቀብሉኝ ብሎ ይሆናል። እኔ ቃሉን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። አንተ ስድስት ዓመት ቢሆንህ ነው። ቅዳሜ ገበያ መሐል ጠፋህ። እናትህ ራሷን ይዛ ትጮሃለች። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እህል የጫነ መኪና ላይ ወጥቶ፣ ድምፁ እስኪዘጋ «አሚን! ካለህበት አትነቃነቅ! ታላቅህ እኔ ነኝ፣ እኔ እመጣለሁ!» ሲል ከቢሮ ስወጣ ሰማሁ። በርበሬ ጆንያ ሥር ነበር ያገኘህ። ያንን ነው ለሰውዬው አፍ ያዋስኩት።

ስለዚህ ውሸታም በለኝ፣ ይገባኛል። ቃሏን ግን ውሸት ናት አትበል። ባለቤት አላት።

ሚያዝያ 18ን አትርሳ።

ኒቆዲሞስ

—

ጅቡቲ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ኒቆዲሞስ

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ገብቶልናል፤ የእርስዎም ሁዳዴ ገብቷል መሰለኝ፣ አላህ ይቀበልዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለሪሃና ሳነብላት ደግሞ ብርቱካኑ ጋ ስደርስ ሳቅ አፈነኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አባ፣ የሐረሩ ይሻላል» አለችኝ። «ዋናው ላይ ሰውዬው ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ የት እንደሚሄድም ለማንም አይናገርም» አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ከአስር ሶላት በኋላ፣ ኢፍጣር እስኪደርስ ሰዓቱ እንዲገፋልን፣ ድምፁን ታጠፋውና እኔ እተረጉማለሁ። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ይመጣሉ። ትናንት አንዱ ትንሽ ልጅ «ለምን አንድ ላይ አይታዩም?» አለኝ። ምን እንዳልኩት ይወቁ። ስድስተኛው ካሴት ላይ አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁትና ደነገጥኩ።

በርበሬ ጆንያ ሥር መገኘቴን አላስታውሰውም። ስለሱ ማሰቡን ግን መተው አልቻልኩም። ወደቡ ላይ ሥራ እያዘዝኩ መሐል ላይ ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ሠራተኞቹ ጾሙ ነው ይላሉ። ይሁን። እሱ ይሄን ቃል ያለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖስ? እውነት ታላቅ ከሆነ አንድ ቀን መንገድ ነው፣ መኪና በየቀኑ ይወርዳል። አልመጣም ጋሽ ኒቆ። እኔ ቀድሜ አልሄድም፤ አይፍረዱብኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የመጀመሪያዋን ካሴት መክፈቻ፣ ያንን «ከተራራው ወዲያ ምን አለ?» የሚለውን፣ በስልክ ቀርጸው ይላኩልኝ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ እውነተኛውን ድምፅ ይስሙት። እኔ ስለው ያንተ ቀጭን ነው ይሉኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሀሚድ ከእርስዎ ጋር ሲገናኝ ነገሩን ሁሉ በወረቀት እንደሚጽፉለት ነገረኝ። ለምንድን ነው? ትንሽ የጉሮሮ ሕመም እንዲህ ያደርጋል?

አሚን

—

ሐረር፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሚን ልጄ፣

ይሄ ሀሚድ አፉን አይሰበስብም። መኪናው ላይ ከሚጭነው ጫት ይልቅ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል።

ድምፄን ልልክልህ አልችልም። የለኝም። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ማንቁርቴን አወጡት። ክፉው በሽታ ነበር፤ አሁን የለም፣ ከነድምፄ ሄደ። አንገቴ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በእሱ ነው የምተነፍስ። ለአንተ ሳልነግርህ ቀረሁ። አንተ የምታውቀኝ በድምፄ ነው። አንድ ሰው እንኳን ድምፄን እንደያዘው ይቅር ብዬ ነው። ደግሞ ያንን ስጽፍልህ ሌላውንም መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። እንግዲህ ተያዝኩ፤ ልጻፈው።

አዲስ አበባ ይዞኝ የሄደው አብዱልፈታ ነው። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ሱቁን ለባለቤቱ ለሙና ጥሎ ሠላሳ አራት ቀን ሆስፒታል ወንበር ላይ ተኛ። ነርሷ «ልጅዎት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ስንወጣ ቀዳዳውን የምሸፍንበት ሻርፕ ገዛልኝ። ቀይ! ደመቅ ያለ ቀይ! በዚህ ዕድሜዬ ፈረስ መጋላን ቀይ ሻርፕ አስሬ ሳቋርጥ ሰው ሁሉ ሞተርዎ የት አለ ይለኛል።

ሆስፒታል ሳለን አንድ ቀን ነገረኝ። እኔ መናገር ስለማልችል ይመስለኛል የነገረኝ። ለማንም አትንገር ብሎኛል። አልተናገርኩም፤ እየጻፍኩ ነው።

መጥቶ ነበር፣ አሚን። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከአረፋ በኋላ። ጅቡቲ መጥቶ፣ ከወደቡ በር ፊት ለፊት ሻይ ቤት ሁለት ቀን ተቀምጦ ጠበቀህ። ቤትህን አያውቅም፤ ሰው ጠይቆ ማግኘት ይችል ነበር፣ አልጠየቀም። ስልክ መደወል ይችል ነበር፣ አልደወለም። እሱም እንዳንተው ነው፤ ያቺን ፊልም ያየው ካንተ ጋር ነው። ይሄድና ፊት ለፊት ይቆማል፣ ታናሹ ያየዋል፣ አለቀ። ይሄ ነበር ሐሳቡ። በሁለተኛው ቀን ወጣህ። ለልጆችህ ያመጣውን የባቢሌ ኦቾሎኒ በፌስታል ይዞ ተነሳ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አለህ። «ወዓለይኩሙሰላም» አልከውና አልፈኸው ሄድክ።

እሱ ዐውቆ ነው ያለፈኝ ይላል። እኔ አላምነውም። አንተ ሸምግሎ አላየኸውም፤ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጎ ሂና ይቀባዋል። ወይስ ዐውቀህ ነው? ይሄን የምትመልስልኝ አንተ ብቻ ነህ። ቶሎ መልስልኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኒቆዲሞስ

—

ጅቡቲ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ኒቆዲሞስ፣

ዒዱ አለፈ። እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ስለ ድምፅዎ ስንገናኝ እጅዎን ይዤ እናገራለሁ።

አስታወስኩት። ያ ሰውዬ ዓይኔ ላይ አለ። ሂና የተቀባ ጢም፣ ነጭ ኮፍያ፣ ፌስታል። እዚህ ከሐረር ሥራ ፈላጊ በየቀኑ ይመጣል፤ የአገሬን ሰው ባየሁ ቁጥር ወደቡ አስገባን ይሉኛል። ከነሱ አንዱ መስሎኝ ነው። ሰላምታውን መለስኩና ስልኬን እያየሁ ሄድኩ። ዞር እንኳን አላልኩም። ወንድሜን! አንድ አልጋ ላይ አብሬው ያደግኩትን ወንድሜን ሥራ ፈላጊ ነው ብዬ አለፍኩት! በረካ ያለው እጅ ይዞልኝ የመጣውን ኦቾሎኒ ይዞ ተመለሰ። ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጠኸኝ?

ዘጠኝ ዓመት አልመጣም እያልኩ ከሰስኩት። መጥቶ ኖሯል።

አላወቅኩትም ብለው ይንገሩልኝ። ቁርኣን ይዤ እምላለሁ። መምጣቴን ግን አይንገሩት። ሚያዝያ 18 ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ በር ላይ እቆማለሁ፣ ኢንሻአላህ። ድምፅዎ እኔ እሆናለሁ። ሪሃና ይዤያት ካልሄድኩ ብላ እያስቸገረች ነው፤ ፈተና ላይ ናት፣ አስቀርቻታለሁ። ስድስተኛውን ካሴት ይዘህልኝ ና ብላኛለች።

አሚን

—

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ጋሽ ኒቆ፣

የተሳፈርኩበት መኪና ድንበሩ ጋ ደወሌ ላይ ራዲያተሩ ተበሳ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምን። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ለመንኩ፣ ማንም ቦታ አልነበረው። አሁን ድሬ ገባሁ። አሥር ሰዓት ሆኗል። እናንተ ከጀመራችሁ ሁለት ሰዓት አለፋችሁ።

ዛሬም ዘገየሁ። ለእናቴ በአንድ ቀን ዘገየሁ፣ ዛሬ በሁለት ሰዓት። እኔ የዘገየ ሰው ነኝ በቃ፤ ለሱም ሰው ፊት መጥቼ ድጋሚ «ለምን አልጠበቃችሁኝም?» የምል እንዳይመስለው እፈራለሁ። በምን ፊቴ ነው የምገባው? ስልኬን አጥፍቼዋለሁ፤ ሪሃና ደርሰሃል ወይ ብላ ስትደውል ምን እላታለሁ? እዚህ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ማምሻውን አለ፣ ቦታ ይዣለሁ።

ይሄን ወረቀት ሀሚድ ያደርስልዎታል፤ ወደ ቤቱ እየወጣ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ለአብዱልፈታም ይቅር በለኝ ብሏል ይበሉልኝ። አይ፣ ይተዉት። ምንም አይበሉት።

አሚን

—

ሐረር፣ ሚያዝያ 18፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ አዳራሹ በር ላይ

አሚን!

አትነቃነቅ! መኪናው ላይ ወጥተህ ከሆነ ውረድ። ሀሚድ ሞተሩን አላጠፋም፤ እኔ በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢጣመም ታገሠው።

አልተጀመረም። ሰምተኸኛል? ፊልሙ አልተጀመረም።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ፤ ትመጣለህ ብዬ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። ድምፅ ባይኖረኝም ምስጢር መያዝ እንደድሮዬ አልችልም። ዐውቀህ እንዳላለፍከውማ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ነው፣ እመጣለሁ ያልክበትን ገጽ አስቀርቼ፣ ያስነበብኩት። አንብቦ አጣጠፈውና ኪሱ ከተተው፤ ሱቁን በቀትር ዘግቶ ወጣ። ሙና እስኪመሽ የት እንደሄደ አላወቀችም።

አዳራሹ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጢም ብሏል፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አለ። ስምንት ሰዓት ሞላ፣ አንተ የለህም። ስልክህ ዝግ ነው። ስምንት ተኩል ሆነ። ሰው ማፏጨት ጀመረ። ናትናኤል እንጀምር አለኝ፤ እኔም በወረቀት ጀምሩት ልለው እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ይሄን ጊዜ አብዱልፈታ ከፊት ወንበር ተነሳ። ሄደና የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለው። ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ሰው እንጠብቃለን» አለ።

ሰው ጮኸ። ናትናኤል ለመነው። አንዱ ወፍራም ሰውዬ «አንተ ማን ሆነህ ነው?» ብሎ ተነሳበት። እሱ ምንም አልተቆጣ። «እናቴን ማስጠበቅ አልቻልኩም» አለ፤ «የአላህ ትእዛዝ ነበር። ይሄ ግን ፊልም ነው። ፊልም ይጠብቃል» አለ። አዳራሹ እንደዚያ ጸጥ ሲል ከዚያች ከብርቱካኗ ቅዳሜ ወዲህ አላየሁም። ወፍራሙም ተቀመጠ። ከሱቁ ሁለት ጆንያ ኦቾሎኒ አስመጥቶ በየአግዳሚው አዞረ። ይኸው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሆነ፣ አንድ ሰው ወጥቶ አልሄደም፤ ወለሉ የኦቾሎኒ ልጣጭ ብቻ ሆኗል።

አሁን ሀሚድ ወረቀትህን ይዞ ሲገባ ከእጄ ላይ ነጥቆ አነበበው። «ምንም አይበሉት» ያልከውን ሁሉ አነበበ። ከዚያ ወደ ሀሚድ መኪና ሮጠ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እንደዚያ ሲሮጥ ያየሁት እህል መኪና ላይ የወጣ ቀን ነው። ገመዱም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እሱ እስኪመለስ እዚህ ማንም ምንም አያይም። በመስኮት ቶሎ ይጻፉ፣ ቶሎ ይጻፉ ይለኛል።

እንግዲህ ማንበቡን አቁምና ይሄን ወረቀት የሰጠህን ሰው ቀና ብለህ እየው። ጢሙን ዛሬ ጠዋት ተላጭቷል። ዳግመኛ እንዳትስተው ብሎ ነው።

ኒቆዲሞስ